ሰርቪሱ ውስጥ እየኖሩ ቪላውን መሥራት ማጭበርበር አይደለም

ባለፉት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ "ይኸው፣ ስለ አንተ ነው የሚያወራው" ብሎ። እውነቱን ነው። ጽሑፉ ለዓመታት እየተሠሩ ስለሚሸጡ የሰርቫይቫል (በሕይወት የመቆየት) እና የታክቲክ ጌሞች ነው። እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ ያለችኝን ጊዜ የምሰጠው ለእነዚሁ ጌሞች ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጌሞቹን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ሳንድቦክስ የሚባሉት መንገዱ ተቀይሶ የማይሰጥባቸው ጌሞች ናቸው። አንድ ዓለም ትቀበላላችሁ፣ የዓለሙን ሕግ ትማራላችሁ፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጉ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መራብ አለ፣ መጠማት አለ፣ ቁስል ማሰር አለ፣ ጠላት ሲመጣ ቦታ ይዞ መዋጋት አለ። ፕሮጀክት ዞምቦይድ፣ ኬንሺ፣ ሪምወርልድና ድዋርፍ ፎርትረስ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አራቱም ገና እየተሠሩ ሳለ ለተጫዋች የቀረቡ ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወንድማችን ጸሐፊው የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ያላለቀ ጌም መሸጥ ጣሪያ የሌለው ቤት እንደመሸጥ ነው፣ ስለዚህ ማጭበርበር ነው ይላል። አንድ ጌም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከፈጀ ሰሪዎቹ ወይ ሰነፎች ናቸው ወይ አይችሉም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአራት በአምስት ዓመት ይጨርሳሉ ይላል። እያንዳንዱ አፕዴት ተጫዋቹ የገነባውን ያፈርሳል ይላል። ጌሞቹ መጨረሻም ዓላማም የላቸውም ይላል። በመጨረሻም፣ ዳታ ውድ በሆነበት አገር አፕዴቱ የማያልቅ ጌም ለእኛ አይሆንም ብሎ ይደመድማል። ዋና ምሳሌው ፕሮጀክት ዞምቦይድ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ስደርስበት እናገራለሁ።

በቤቱ ምሳሌ እንጀምር። እኛ አገር ስንቱ ሰው ቤት የሚሠራው እንዴት እንደሆነ ወንድማችን የዘነጋው ይመስለኛል። መሬት ይገኛል። መጀመሪያ ከጓሮ በኩል ሰርቪስ ቤት ይቆማል። ቤተሰቡ እዚያ ይገባል፣ ከኪራይ ይገላገላል፣ ልጆች እዚያ ያድጋሉ። ብር በተገኘ ቁጥር የዋናው ቤት መሠረት ይወጣል፣ ብሎኬቱ ይደረደራል፣ ቆርቆሮው ይመታል። ይህን ማጭበርበር የሚል ሰው የለም። ማጭበርበር የሚሆነው ሰርቪሱን ቪላ ነው ብሎ የሸጠ ሰው ሲመጣ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው እንግዲህ። እነዚህ ጌሞች ሰርቪሱን ቪላ ነው ብለው ይሸጣሉ? ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ኧርሊ አክሰስ የሚባለውን፣ ገና ያላለቀ ጌም የመሸጥ አሠራር የጀመረው በ2013 ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ጌም ገጽ ላይ ጌሙ እንዳላለቀ፣ ወደፊት ሊለወጥም ላይለወጥም እንደሚችል፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ካልጓጓችሁለት እንድትጠብቁ ተጽፏል። ዋጋው ከተጻፈበት ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም መልሳችሁ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ። ጓሮውን አስጎብኝቶ፣ ያልቆመውን ግድግዳ በጣቱ አሳይቶ፣ ካልወደድከው ብርህን ውሰድ የሚል ሻጭ አጭበርባሪ አይባልም።

እንዲያውም ትልቁ ጉዳት የደረሰው "አልቋል" ተብሎ በተሸጠ ጌም ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ኧርሊ አክሰስ አልነበረም። ሲዲ ፕሮጀክት የሚባል ስመ ጥር ኩባንያ ያለቀ ዕቃ ብሎ ነው የሸጠው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በቀናት ውስጥ ከመደብሩ አወረደው፣ ገንዘብም መለሰ። ተመልሶ የገባው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያላለቀ መሆኑን የሚነግራችሁና የማይነግራችሁ ሻጭ አንድ አይደሉም።

ወንድማችን ትክክል የሆነበት ቦታም አለ፣ አልክድም። ስፔስቤዝ ዲኤፍ-9 በደብል ፋይን ኩባንያ በ2013 ለሽያጭ ቀረበ፣ ብዙ ነገር ይመጣል ተባለ፣ በ2014 ድንገት "ጨርሰናል" ተብሎ ከታሰበው ብዙው ቀረ። የገዛው ሰው ተናደደ፣ መናደዱም ልክ ነበር። ዘ ዴይ ቢፎር የሚባለው ጌም የባሰ ነው። በዲሴምበር 7 ቀን 2023 ወጣ፣ ከአራት ቀን በኋላ የሠራው ስቱዲዮ መዘጋቱን አስታወቀ። ለገዢዎች ገንዘብ ተመለሰ። እነዚህ እውነተኛ ታሪኮች ናቸው፤ ወደፊትም ሌሎች ይመጣሉ። ግን ልብ በሉ፣ ዘ ዴይ ቢፎርን ሰው የጓጓለት በሚያማምሩ ቪዲዮዎች ነው። ከመውጣቱ በፊት ማንም እጁ አላስገባውም። ዞምቦይድን የገዛ ሰው ግን በዚያው ቀን ቁጭ ብሎ መቶ ሰዓት የሚጫወተው ነገር አግኝቷል። እኔ ጌም ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰሪዎቹ ነገ ጠዋት ሥራውን ቢያቆሙ፣ ዛሬ ያለው ለከፈልኩት ዋጋ ይበቃኛል? ይበቃኛል ካልኩ እገዛለሁ። ተስፋን አልገዛም።

ወደ ዓመቶቹ ልምጣ። ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ይህ ነው፣ "ሰነፎች" የሚለው ቃል።

ኬንሺን የጀመረው ክሪስ ሀንት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ2006 ገደማ ጀመረ። ለዓመታት ብቻውን ነው የሠራው። መኖሪያውን የሚሸፍነው የጥበቃ ሥራ እየሠራ ነበር። ያላለቀውን ጌም መሸጥ ሲጀምር ነው ሰው ቀጥሮ ቡድን ያቋቋመው። ሙሉው ጌም በዲሴምበር 2018 ወጣ። 12 ዓመት ማለት ነው። ዓለሙ 870 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ከምንም ተነስቶ፣ ተደብድቦ፣ በባርነት ተይዞ፣ እጁን አጥቶ፣ የብረት እጅ አስገጥሞ፣ ቡድን ሰብስቦ ከተማ የሚመሠርትበት ዓለም ነው። ሌሊት ቆሞ ጥበቃ እያደረ ይህን የሠራ ሰው ሰነፍ ከተባለ ታታሪ የሚባለው ማን ነው?

የዞምቦይዶቹን ደግሞ ስሙ። ዘ ኢንዲ ስቶን የሚባሉት ጥቂት ልጆች ጌሙን መሸጥ የጀመሩት በ2011 ነው። በዚያው ዓመት ቤታቸው ሌባ ገባ። ሁለት ላፕቶፕ ወሰደ። ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ኮድም አብሮ ሄደ። ኮዱን ሌላ ቦታ አለማስቀመጣቸው ጥፋት ነው፣ ራሳቸውም አምነዋል። ግን ገንዘቡን ይዘው አልጠፉም። ተመልሰው ተቀመጡ፣ እንደገና ጻፉት። በዲሴምበር 2021 ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበት ቢልድ 41 የሚሉት የጌሙ እትም (ቨርዥን) ከወጣ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይጫወተው ነበር። በዲሴምበር 2024 ቢልድ 42 ለሙከራ ወጣ። በ2011 የገዛ ሰው ለዚህ ሁሉ ዳግመኛ አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም። ይህን ጽሑፉ ውስጥ ብፈልግ አጣሁት።

"ትልልቆቹ በአምስት ዓመት ይጨርሳሉ" የሚለውስ? ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ስምንት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው፤ ከሺህ በላይ ሰው ሠርቶበት። ልዩነቱ እነሱ በር ዘግተው መሥራታቸው ነው። ዓመቶቹን አናያቸውም። ትንንሾቹ በር ከፍተው ስለሚሠሩ ዓመቶቹን እንቆጥርባቸዋለን።

በር ከፍቶ መሥራት ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር ይህ ነውና። እነዚህ ጌሞች እንደ ፊልም በተራ የተደረደሩ ትዕይንቶች አይደሉም። እርስ በርስ የተጠላለፉ ሕጎች ናቸው። አንድ ሕግ ስትጨምሩ የቀሩት ሁሉ ይነካሉ። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2015 መጨረሻ ድዋርፍ ፎርትረስ ውስጥ መጠጥ ቤት ገባ። ወዲያው ተጫዋቾች ድመቶቻቸው እየሞቱ መሆኑን አዩ። ማንም አልነካቸውም። ነገሩ ሲጠና ምን ተገኘ መሰላችሁ? ድዋርፎቹ፣ የጌሙ ድንክ ሰዎች፣ ሲጠጡ መጠጥ መሬት ላይ ይፈሳል። ድመቷ በዚያ ላይ ስትራመድ እግሯ ይርሳል። ድመት ደግሞ ራሷን ትልሳለች፤ ይህ ቀድሞ የነበረ ሕግ ነው። ስትልስ መጠጡ ሆዷ ይገባል፣ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትሰክራለች፣ ትሞታለች። ስህተቱ አንዲት ብቻ ነበረች። ጌሙ አንዴ በላሰች ቁጥር ሙሉ ኩባያ እንደጠጣች ይቆጥረው ነበር።

ይህን በተዘጋ ክፍል የተቀመጡ አሥር ሞካሪዎች ቀድመው ያገኙት ነበር? እኔ አይመስለኝም። በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሲጫወት ነው እንዲህ ያለው ነገር የሚወጣው። ታርንና ዛክ አዳምስ የሚባሉት ወንድማማቾች ይህን ጌም በ2002 ጀምረው በ2006 ለሕዝብ አወጡት። ለ16 ዓመት በነጻ ሰጡት፤ የኖሩት ተጫዋቾች በፈቃዳቸው በሚልኩት ገንዘብ ነው። በስቲም የተሸጠው በዲሴምበር 2022 ነው፤ ነጻው ቅጂም አሁንም አለ። ታዲያ እዚህ ውስጥ የተጭበረበረው ማን ነው?

መዘግየት የለም ግን አልልም። ዞምቦይድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ሕያው ሰዎች ይመጣሉ ከተባለ አሥር ዓመት አልፏል፤ ቢልድ 42 ሲወጣም አልነበሩም። ዴይዚ የሚባለው የሰርቫይቫል ጌም በ2013 ወጥቶ 1.0 (አለቀ) እስኪባል አምስት ዓመት ፈጀ፣ በመሃል ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተወው። እነዚህን ያነሳ ሰው ቅሬታው ይገባኛል። በሌላ በኩል ባትል ብራዘርስ የሚባለው የታክቲክ ጌም አለ። ሃምቡርግ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው የሠራው። በ2015 ኧርሊ አክሰስ ገባ፣ በ2017 አለቀ። ማለቅ የሚችለው ያልቃል።

አሁን ግማሽ በግማሽ የምስማማበት ላይ ደረስኩ። አፕዴት የገነባነውን ያፈርሳል የሚለው እውነት አለው። በቢልድ 41 ያስቀመጣችሁት ጨዋታ (ሴቭ) በቢልድ 42 አይሠራም። አብዛኛው ሞድም፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ማለት ነው፣ እንደዚያው። እኔ ለአራት ወር ያኖርኩት ሰው ነበረኝ። ከወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ፣ ድንች ተክሎ፣ ጄኔሬተር አስገብቶ። ወደ አዲሱ ስሄድ እሱን ትቼ ነው የሄድኩት። የሚያም ነገር ነው፤ ያልተጫወተ ሰው ቢስቅም አልፈርድበትም።

ነገር ግን ወንድማችን የተወው ግማሽ አለ። ማንም አስገድዶ አላስወጣኝም። ቢልድ 42 ሲወጣ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ስቲም ላይ ገብቶ የሙከራውን ቅርንጫፍ ራሱ ያልመረጠ ሰው ቢልድ 41 ላይ እንዳለ ይቀጥላል። ሪምወርልድም ላይ ወደ ድሮ ቨርዥን መመለስ ይቻላል። የምመክረው ይህን ነው። በጀመራችሁት ቨርዥን ጨርሱ፣ አዲሱን በአዲስ ሰው ጀምሩ። ሰሪዎቹም ቢሆኑ ሴቭ የሚያፈርስ ለውጥ ሲያመጡ ቀድመው፣ በትልቁ፣ ማንም በማይስተው ቦታ መናገር አለባቸው። ሁሉም እንደዚያ አያደርጉም። እዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር ነኝ።

"ዓላማ የላቸውም" የሚለውን ሳነብ ዞምቦይድን ምን ያህል ተጫውቶት ይሆን አልኩ። ጌሙ ሲጀምር "እንዲህ ነው የሞትከው" ይላችኋል። ሞቱ አስቀድሞ ተነግሯል። የቀረው እስከዚያ ምን አደረግክ የሚለው ነው። ቦታው ኬንታኪ፣ አሜሪካ ነው፣ ጊዜው ሐምሌ 1993። ውኃና መብራት መጀመሪያ አለ፤ መቼ እንደሚጠፋ አይነገራችሁም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ባለው ዕቃ ሁሉ፣ በድስት፣ በጠርሙስ፣ በባልዲ ውኃ ይሞላል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። እኔ ጌሙን ስጀምር ማንም ሳይነግረኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቧንቧው ነው።

ከዚያ ታክቲኩ አለ። መስታወት ከሰበራችሁ ድምፁ ይጠራባችኋል። ሽጉጥ ከተኮሳችሁ የሰፈሩ ዞምቢ (ሞቶ የሚንቀሳቀስ ሰው በላ) ሁሉ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ፎቅ ላይ ይኖርና ደረጃውን በመዶሻ አፍርሶ፣ አንሶላ በመስኮት አስሮ በዚያ ይወርዳል ይወጣል። ይህን ዘዴ ጌሙ ግዴታ አላደረገውም። ሕጎቹን አስቀመጠ፣ ሰው አሰበበት። ዓላማ ማለት የግድ በቀስት ምልክት የሚታይ ነገር መሆን አለበት? ገበጣ የሚጫወቱ አባቶችን ዓላማችሁ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ታሪክ ወጥ ሆኖ መነገር አለበት የሚል ሰው ግን እነዚህን ጌሞች ላይወዳቸው ይችላል። እሱ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ የሚሆኑ ሌሎች ጌሞች ሞልተዋል።

የመጨረሻው የዳታ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የእኛ ስለሆነ ቁም ነገር ነው። ግን ስሌቱ የተገለበጠ ነው። የዘመኑ ትልልቅ የተኩስ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ይወስዳሉ፣ ከዚያ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ብዙ ነገራቸው አይከፈትም። ዞምቦይድ የሚፈልገው 5 ጊጋ ገደማ ነው። ሪምወርልድ 1 ጊጋ ገደማ። አንዴ ካወረዳችሁ ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ስቲምን ኦፍላይን አድርጋችሁ ወራት መቆየት ትችላላችሁ። አፕዴቱንም "ጌሙን ስከፍት ብቻ" ብላችሁ ማዘግየት ይቻላል። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ያገለገለ ላፕቶፕ ሪምወርልድን ይሸከማል። ለእኛ የማይሆን ጌም ካለ እነዚህ አይደሉም።

የሚከብደው መክፈሉ ነው፣ ይህን ወንድማችን ቢያነሳው ኖሮ እጄን አነሳ ነበር። በብር ካርድ በቀጥታ መግዛት ለብዙዎቻችን አይሆንም። እኔ ዞምቦይድን ያገኘሁት ታላቅ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ገዝቶ ልኮልኝ ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ምን ያድርግ?

ለእሱ ካታክሊዝም አለች። ሙሉ ስሟ ካታክሊዝም፣ ዳርክ ዴይስ አሄድ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ በሕይወት ስለመቆየት ነው፤ ሥዕሏ ቀላል ነው፣ ውስጧ ግን ጥልቅ ነው። ከ2013 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ እስከ ዛሬ ይሠሯታል። ኮዷ ለሁሉም ክፍት ነው። ነጻ ናት፣ በፍላሽ ኮፒ አድርጎ ለጓደኛ መስጠት አይከለከልም፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ትሠራለች። አላለቀችም። ገና እየተሠራች ነው።

ጽሑፉን ለላከልኝ ለአክስቴ ልጅ ባለፈው እሁድ በፍላሽ ሰጠሁት። ክርክር አልገጠምኩም፣ ሞክራት ብቻ አልኩት። ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለ። መኪና አግኝቷል፣ ባትሪው ሞቶበታል፤ ሌላ ባትሪ የት እንደሚገኝ ነው የጠየቀኝ።